በበረዶ ተራሮች ላይ የተጓዙት ካህን
የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የሕይወት ታሪክ

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ማለዳ ተነሥቶ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚያልፍ ሰው በሣሩ ላይ የተነጠፈውን ነጭ ውርጭ ያያል። ፀሐይ ከየረር ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል ውርጩ ወዲያው ቀልጦ ይጠፋል። ገበሬው ግን ስለ ምስሩና ስለ ሽምብራው ሲጨነቅ አድሮአል፤ ሠራተኛውም ጋቢውን ተከናንቦ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ወደ ፋብሪካው በር ይቸኩላል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ብርድ የሚሸሹት እንጂ የሚፈልጉት ነገር አይደለም። ብርድና በረዶ ወዳለበት አገር ለደስታ ብሎ፣ ያውም ገንዘብ ከፍሎ፣ የሚጓዝ ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን በመገረም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን አሜሪካ የሄዱ ልጆቻችንም ስለ በረዶ ሲያወሩን የሚነግሩን ስለ ድካሙና ስለ ናፍቆቱ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት ስንማማር አንድ ወጣት ጥያቄ አቀረበ። በዚያ ጸሎት ብርድና ውርጭ፣ በረዶና አመዳይ ፈጣሪያቸውን ያመሰግኑ ዘንድ ይጠራሉ። ወጣቱ የጠየቀው ሰውን ከማንገላታት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው በረዶ እንዴት አድርጎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል የሚል ነበር። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበረ፤ እኔንም አላረካኝም። በኋላ ግን መልሱ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንደሚገኝ አሰብሁ። እኒህ ሰው ካህን፣ የመጻሕፍት ሊቅ፣ በመጨረሻም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆኑት፣ በወጣትነታቸውም ወደ በረዶ ተራሮች መጓዝን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ፒዮስ 11ኛ ናቸው። ስማቸው ከአገራችን ታሪክ ጋር በመልካምም በመራራም የተሳሰረ ስለሆነ ሕይወታቸውን ማወቅ ለእኛ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ልጅነትና ትምህርት

አምብሮጆ ዳሚያኖ አኪሌ ራቲ በግንቦት 31 ቀን 1857 በሰሜን ጣልያን፣ ከሚላኖ ከተማ ብዙ በማትርቀው በዴዚዮ ተወለዱ። አባታቸው ፍራንቼስኮ ራቲ የሐር ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በፋብሪካ ጩኸት አጠገብ ማደግ ለእኛ ለአቃቂ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሕፃኑ አኪሌም የሠራተኛውን ኑሮ በቅርብ እያየ አደገ።

በዕረፍት ወራት ወደ አጎቱ ይሄድ ነበር። አጎቱ አባ ዳሚያኖ ራቲ፣ በኮሞ ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኘው በአሶ ቆሞስ ነበሩ። አካባቢው የተራሮች መግቢያ ነው። ሕፃኑ የክህነትን ኑሮና የተራራን ፍቅር በአንድ ቤት፣ ከአንድ ሰው እጅ ተቀበለ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ፤ በሮማም ትምህርቱን ቀጥሎ በታኅሣሥ 20 ቀን 1879 በ22 ዓመቱ ቅስና ተቀበለ። በ1882 በፍልስፍና፣ በቀኖና ሕግና በነገረ መለኮት ሦስት የዶክትሬት ማዕርጋት ይዘው ወደ ሚላኖ ተመለሱ፤ በዚያም በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ።

በ1888 በሚላኖ ባለው በታዋቂው የአምብሮዝያና ቤተ መጻሕፍት ተመደቡ። ይህ ቤተ መጻሕፍት በ1609 ዓ.ም. በካርዲናል ፌዴሪኮ ቦሮሜዎ የተከፈተ፣ በጥንታውያን የብራና ጽሑፎች የበለጸገ ቤት ነው። አባ አኪሌ ራቲ በዚያ ከ20 ዓመት በላይ ብራና ሲመረምሩ፣ የደበዘዘ ጽሕፈት ሲያነቡ፣ ለሊቃውንት መጽሐፍ ሲያቀርቡ ኖሩ፤ በ1907 የቤቱ ሹም ሆኑ። እኒህ ጸጥተኛ፣ መነጽር የሚያደርጉ ካህን በዕረፍታቸው ወቅት ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቅ ሰው ቢኖር ሊገምት ከቶ አይችልም ነበር።

ወደ በረዶው የሚወስደው መንገድ

ወደ አምብሮዝያና በገቡበት በዚያው በ1888 የጣልያን የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ማኅበር የሚላኖ ቅርንጫፍ አባል ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ክረምት ስንል የዝናብና የጭቃ ወራትን ማለታችን ነው። በአውሮፓ ግን ክረምት የሚባለው በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ በረዶው ሸለቆውንም መንደሩንም ይሸፍናል። በአልፕስ ከፍታዎች ላይ ደግሞ በረዶው በበጋም አይጠፋም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ግግር ይሆናል፤ ዐይን በማያየው እርጋታም ወደ ታች ይንሸራተታል። ወደዚያ የሚወጣ ሰው በሐምሌም ቢሆን የክረምትን ብርድ ያገኘዋል።

የሚጓዙበት ዘዴ እንደሚከተለው ነው። መንገደኞቹ በአንድ ገመድ ወገባቸውን ይታሰራሉ፤ አንዱ ቢንሸራተት ወይም በግግሩ ላይ ባለው ስውር ስንጥቅ ውስጥ ቢወድቅ ሌሎቹ ይይዙታል። የሚቀድመው መንገድ መሪ በመጥረቢያ በረዶውን እየጠረበ ለእግር ማሳረፊያ ያበጃል። ጉዞው የሚጀመረው በሌሊት ነው፤ ምክንያቱም ብርዱ በረዶውንና ድንጋዩን አጥብቆ ይዞ የሚቆየው ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ በረዶው ይላላል፤ ናዳም ይጀምራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጠላት የሆነው ብርድ ለተራራ ተጓዥ ጠባቂው ነው። ከዚህ ነገር ብዙ ማስተዋል ይገኛል።

የሞንቴ ሮዛ ሌሊት

የአባ ራቲ ስም በተራራ ወጪዎች ዘንድ የታወቀው በሐምሌ ወር 1889 ባደረጉት ጉዞ ነው። ሞንቴ ሮዛ በጣልያንና በስዊስ ድንበር ላይ ያለ ታላቅ ተራራ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ዱፉር የሚባለው 4,634 ሜትር ይደርሳል። የእኛ ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ያህል ስለሆነ የሁለቱ ከፍታ ሊመሳሰል ጥቂት ይቀረዋል። ነገር ግን በራስ ዳሽን ላይ በረዶ አልፎ አልፎ ወርዶ የሚጠፋ ሲሆን፣ ሞንቴ ሮዛ ግን ዘወትር ነጭ ልብስ እንደ ለበሰ ነው።

በስተ ምሥራቅ ያለው የተራራው ፊት ከማኩኛጋ መንደር በላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ይህ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በ1872 ነበር። በ1881 ዳሚያኖ ማሪኔሊ የተባለ ኢጣልያዊና ሁለት መንገድ መሪዎች በዚያው የበረዶ ናዳ ወርዶባቸው ሞተዋል፤ ናዳው የሚወርድበት ሸንተረርም እስከ ዛሬ በማሪኔሊ ስም ይጠራል። አባ ራቲና ወዳጃቸው አባ ሉዊጂ ግራሴሊ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከኩርማየር ሁለት የተፈተኑ መንገድ መሪዎችን፣ ጁዜፔ ጋዲንንና አሌሳንድሮ ፕሮመንትን ይዘው፣ ተራራውን አስቀድመው አጥንተው፣ የአየሩን ጠባይ ጠብቀው ተነሡ።

በተራራው ወገብ ላይ ካለችው የመጠለያ ጎጆ በጨለማ ወጡ። አደገኛውን ሸንተረር ፀሐይ ሳታገኘው ተሻገሩ። ከዚያም ቀኑን ሙሉ በበረዶና በዐለት ላይ ሲወጡ ውለው ከጫፉ አጠገብ የደረሱት በምሽት ነበር። በጨለማ መውረድ ሞት ስለሆነ እዚያው ለማደር ወሰኑ። ያደሩበት ቦታ ከ4,600 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ የሚገኝ ጠባብ የዐለት ከንፈር ነበር፤ ከእግራቸው በታች ገደሉ ነው። መተኛት አይቻልም፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ወይ ይወድቃል ወይ በብርድ ደርቆ ይቀራል። የያዙት ምግብና መጠጥ በረዶ ሆነ። አራቱ ሰዎች እግራቸውን እየረገጡ፣ እርስ በርሳቸው እየተጠባበቁና እየተነጋገሩ ሌሊቱን አነጉት።

አባ ራቲ በኋላ ስለዚያ ሌሊት በጻፉት ጽሑፍ የሚያስደንቀው ነገር ምሬት አለመኖሩ ነው። በሕይወታቸው ካዩአቸው ሌሊቶች ሁሉ ያማረ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ጥርት ያለውን ሰማይ፣ ከዋክብቱን፣ በዙሪያቸው በጸጥታ የቆሙትን ነጫጭ ተራሮችና ከሩቅ የነጋውን ንጋት በዝርዝር ይገልጻሉ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥም የፈጣሪ ታላቅነት ከምንጊዜውም ይልቅ ቅርብ ሆኖ እንደ ተሰማቸው ይናገራሉ።

ሲነጋ ከፍተኛውን ጫፍ ረግጠው፣ ቀድሞ ማንም ባልተሻገረበት በዙምሽታይን በር በኩል ወደ ስዊስ አገር ወደ ጸርማት መውረድ ጀመሩ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር ሁለተኛውንም ሌሊት በደጅ አደሩ። አራቱም ግን በደኅና ገቡ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አባ ራቲ ማተርሆርን በመባል የሚታወቀውን ባለ 4,478 ሜትር ተራራ ወጡ። በማግስቱ ዓመት በ1890 ደግሞ በአልፕስ ተራሮች ከፍተኛ የሆነውን ሞንብላንን ወጥተው በዶም ግግር በኩል ወደ ጣልያን ወረዱ፤ ያ መንገድ ዛሬ ከጣልያን ወገን ለሚወጡ የተለመደ መንገድ ሆኖአል፤ የጳጳሱ መንገድ ብለው የሚጠሩትም አሉ። ስለነዚህ ጉዞዎች የጻፉአቸው ጽሑፎች በመጀመሪያ በማኅበሩ መጽሔት፣ ኋላም ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጡ።

ደስታና ጥንቃቄ

አንባቢ እዚህ ላይ ይህ ሁሉ ለካህን ምን ይበጀዋል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያን ዘመንም የጠየቁ ነበሩ። አባ ራቲ በጽሑፎቻቸው የሰጡት መልስ ግልጽ ነው። ተራራ መውጣት ሞትን መዳፈር አይደለም፤ ይልቁንም የጥንቃቄና የጥቂት ድፍረት ትምህርት ነው ይላሉ። አቅሙን የሚያውቅ፣ መንገድ መሪውን የሚሰማ፣ አየሩ ሲከፋ ለመመለስ የማያፍር ሰው በተራራ ላይ የሚያገኘው ደስታ ሥጋንም ነፍስንም ያድሳል። የመጻሕፍት አቧራ የዋጠው ሳንባ ንጹሕ አየር ያገኛል፤ በከተማ ጫጫታ የደነዘዘች ነፍስም ጸጥታን ትሰማለች።

ይህን ደስታ ከሥራ ፈትነት የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ገመዱ ሁሉን እኩል ያደርጋል። ባለ ሦስት ዶክትሬቱ ካህንና የመንደር መንገድ መሪው በአንድ ገመድ ሲታሰሩ የአንዱ ሕይወት በሌላው እጅ ነው። አባ ራቲ ጋዲንንና ፕሮመንትን በጽሑፎቻቸው በአክብሮትና በስማቸው ያነሣሉ። ወደ ደብር ለመሳለም ወደ ዝቋላ የወጣ የአካባቢያችን ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በአቀበት ላይ ደክሞት የቆመን መንገደኛ የማን ዘር ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እጁን ይዞ ያወጣዋል እንጂ።

ከቫርሶቪያ እስከ ቫቲካን

በ1911 ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተጠሩ፤ በ1914 የዚያ ሹም ሆኑ። በ1918 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ከመጻሕፍታቸው አንሥተው ወደ ፖላንድ ላኩአቸው። ጦርነት ያደቀቀው፣ ረኀብና ተስቦ የበዛበት፣ ብርዱም የከበደ አገር ነበር። በ1919 የቅድስት መንበር እንደራሴና ጳጳስ ሆኑ። በነሐሴ 1920 የሶቪየት ሠራዊት ወደ ዋርሶ ሲቃረብ ብዙዎቹ የውጭ አገር መልእክተኞች ከተማዋን ለቀው ሲወጡ እርሳቸው ቀሩ። በሞንቴ ሮዛ ከንፈር ላይ ሌሊቱን ቆሞ ያነጋ ሰው ከቦታው እንዴት እንደማይነቃነቅ ያውቅ ነበር።

በ1921 የሚላኖ ሊቀ ጳጳሳትና ካርዲናል ሆኑ። ገና ዓመት ሳይሞላቸው በየካቲት 6 ቀን 1922 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ፤ ስማቸውም ፒዮስ 11ኛ ተባለ። ከ1870 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫቸውን ቡራኬ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የውጭ ሰገነት ላይ ሰጡ። ይሁን እንጂ በቅድስት መንበርና በጣልያን መንግሥት መካከል የነበረው ክርክር ስላልተፈታ ከቫቲካን ቅጥር መውጣት አይችሉም ነበር። ክርክሩ በላተራን ውል የተፈታው በየካቲት 11 ቀን 1929 ነው። ከዚያም በኋላ የዕረፍት ጊዜአቸውን በሮማ አቅራቢያ በካስተል ጋንዶልፎ አሳለፉ እንጂ ከተመረጡበት ቀን እስከ ሞቱበት ቀን ወደ አልፕስ አልተመለሱም። የአልፕስን ንፋስ የለመደ ሰው ለሰባት ዓመታት በግንብ ተከቦ በአትክልት ቦታ ውስጥ ሲመላለስ መታየቱ ስለ መታዘዝ ዝም ብሎ የሚያስተምር ነው።

ልባቸው ግን ተራራውን አልረሳም። በነሐሴ 20 ቀን 1923 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ቅዱስ በርናርዶስ ዘሜንቶንን የተራራ ነዋሪዎች፣ የተራራ መንገደኞችና የተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው ሰየሙ። ይህ ቅዱስ በ11ኛው መቶ ዓመት በአልፕስ በሮች ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሠራ ካህን ነው። ከነዚህ አንዱ 2,469 ሜትር ከፍታ ባለው በታላቁ ቅዱስ በርናርዶስ በር ላይ ይገኛል። መነኮሳቱ ባለፉት መቶ ዓመታት በክረምት በረዶ ውስጥ የጠፉትን መንገደኞች በውሾች እየታገዙ ሲፈልጉና ሲያድኑ ኖረዋል። ዛሬም የመኪናው መንገድ በበረዶ በሚዘጋበት ወራት ወደ ማረፊያው የሚደርሱት በእግርና በበረዶ መንሸራተቻ የሚጓዙ እንግዶች ናቸው። ስለዚህ የብርድ አገር ጉዞ በፒዮስ ዐይን ደስታ ብቻ ሳይሆን የእንግዳ መቀበል ምሥጢርም ነበረበት።

በ1928 ደግሞ ጄኔራል ኡምቤርቶ ኖቢሌ በአየር መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ሊሄዱ ሲሰናበቱአቸው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በዋልታው በረዶ ላይ የሚተከል የእንጨት መስቀል ሰጡአቸው። መስቀሉ በግንቦት 24 ቀን 1928 ከአየር ላይ ወረደ። በማግስቱ መርከቡ ሲመለስ በበረዶው ላይ ወደቀ፤ ብዙዎችም ሞቱ፤ ሊፈልጉአቸው ከሄዱት መካከል ታዋቂው የዋልታ ተጓዥ ሮአልድ አመንድሰን ጠፍተው ቀሩ። በረዶ ለሚያደንቁት ቢያበራም ለማንም አያደላም።

ኢትዮጵያና ፒዮስ 11ኛ

ከአገራችን ጋር የነበራቸው ግንኙነት የሚጀምረው በመልካም ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ በቫቲካን ተቀብለዋቸዋል። በ1919 በነዲክቶስ 15ኛ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሌጅ በጥንታዊው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ይገኝ ነበር፤ ፒዮስ 11ኛ ግን በቫቲካን አትክልት ቦታ መካከል አዲስ ሕንፃ አሠሩለት። እርሳቸው ራሳቸው ሲመላለሱ በነበሩበት ቅጥር ውስጥ የኢትዮጵያ ልጆች መኖሪያ አገኙ። ዛሬም በቫቲካን ግንብ ውስጥ የሚገኝ ኮሌጅ እርሱ ብቻ ነው። በ1930 ደግሞ ብፁዕ አቡነ ኪዳነ ማርያም ካሳ በኤርትራ ለነበሩት የግዕዝ ሥርዓት ምእመናን ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በየአገሩ የአገሩ ተወላጆች ጳጳሳት እንዲሆኑ የነበራቸው ጽኑ ፍላጎት በ1926 ስድስት ቻይናውያን ጳጳሳትን በገዛ እጃቸው በመቀባታቸውም ታይቶአል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የከበደ ነው፤ ልንሸፍነውም አይገባንም። በ1935 የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ በነሐሴ 27 ቀን ለካቶሊክ ነርሶች ጉባኤ ባደረጉት ንግግር፣ አገርን ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ፍትሕ የሌለው መሆኑን አመለከቱ። ንግግሩ በጋዜጣ ሲታተም ግን ቃሉ ለስልሶ ወጣ። በጥቅምት 3 ቀን ወረራው ተጀመረ። በጣልያን ከነበሩት ጳጳሳት አንዳንዶቹ ጦርነቱን በይፋ አወደሱ፤ መስቀላቸውን ለጦርነቱ ወርቅ ማሰባሰቢያ የሰጡም ነበሩ። በተራሮቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲዘንብ፣ በአቃቂ የነበረው የአውሮፕላን ሜዳ ሳይቀር በ1936 በጠላት አውሮፕላኖች ሲመታ፣ ከሮማ አባቶቻችን የጠበቁት ግልጽ የውግዘት ቃል አልተሰማም። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስለ ጣልያን ሕዝብ ደስታ የተናገሩት ቃል ለኢትዮጵያውያን ጆሮ የመረረ ነበር። በ1937 በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ሲገደሉም ዝምታው አልተሰበረም።

የታሪክ ሊቃውንት ስለዚህ ዝምታ ምክንያት ይከራከራሉ። አንዳንዶች ከፋሺስት መንግሥት ጋር የነበረውን ውል ላለማፍረስ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጦርነቱ ወደ አውሮፓ እንዳይዛመት በስውር እየጣሩ ስለ ነበር ነው ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፣ ጥንቃቄ በበረዶ ላይ ሕይወት ያድናል፤ ናዳው በሌሎች ላይ ሲወርድ ግን የመንገድ መሪ ሥራ መጮኽ ነው። በአንድ ገመድ ከታሰሩት መካከል አንዱ ሲወድቅ ሌላው ገመዱን አጥብቆ ይይዝ ዘንድ ይገባል። ይህን የምንለው በአባቶች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ የሚወዱአቸውን አባቶች ታሪክ ሙሉውን መናገር የልጆች ግዴታ ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ዘመን

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የፒዮስ ድምፅ እየጠነከረ ሄደ። በመጋቢት 1937 በጀርመን የናዚን መንግሥት ትምህርት የሚነቅፍ መልእክት በጀርመንኛ ጽፈው በየአብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ቀን እንዲነበብ አደረጉ። በ1938 በጣልያን የዘር ሕግ ሲታወጅ የአይሁድን ጥላቻ ተቃወሙ፤ ዘረኝነትን የሚያወግዝ ሐዋርያዊ መልእክትም እንዲዘጋጅ በምሥጢር አዘዙ። ልባቸው ታሞ ሳለ፣ ለጣልያን ጳጳሳት የሚያሰሙትን ንግግር በገዛ እጃቸው አዘጋጁ። ንግግሩ የሚሰማው በየካቲት 11 ቀን 1939፣ የላተራን ውል በተፈረመ በ10ኛው ዓመት ነበር። እርሳቸው ግን በዋዜማው፣ በየካቲት 10 ቀን ሌሊት ገና ሳይነጋ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ንግግሩ ሳይሰማ ቀረ፤ መልእክቱም ሳይወጣ ቀረ። ተራራውን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀራቸው ሌሊቱ ያዛቸው።

ስማቸው በበረዶው ላይ ቀርቶአል። በሞንብላን ካለው መንገድ በተጨማሪ፣ በደቡብ አሜሪካ በቺሌ ፓታጎንያ የሚገኝ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የበረዶ ግግር በስማቸው ይጠራል። በአልፕስ ያሉት ግግሮች ግን በዓለም ሙቀት መጨመር ምክንያት እየቀለጡ ናቸው፤ በስዊስ አገር ያሉት በ2022 እና በ2023 ብቻ ከነበራቸው በረዶ 10 በመቶ ያህል አጥተዋል። አባ ራቲ ዘላለማዊ መስሎአቸው ያደነቁት ነገር በእኛ ዘመን ጥበቃ የሚሻ ሆኖአል።

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። በረዶ እንዴት አድርጎ እግዚአብሔርን ያመሰግናል? በዚያ ጠባብ ዐለት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረው ካህን መልሱን አግኝቶ ነበር። በረዶው ድምፅ የለውም፤ ምስጋናው የሚሰማው ሰው ጥቅሙንና ምቾቱን ለአንድ ሌሊት ትቶ ዐይኑን ሲከፍት ነው። በስደት በረዶ ውስጥ ለሚኖሩ ልጆቻችንም ስንጽፍላቸው፣ ከድካማቸው ቀጥለን፣ አንድ ጥርት ያለ ማለዳ ወጥተው ያን ነጭ ምድር እንዲያዩ እንንገራቸው። እኛም በታኅሣሥ ማለዳ በአቃቂ ሣር ላይ ያለውን ውርጭ ስናይ፣ ፀሐይ ሳታቀልጠው ጥቂት ቆም ብለን እንመልከተው፤ ከዚያም በዚያው ብርድ ያለ ጋቢ ያደረውን ጎረቤታችንን እናስብ።